ጥቂት ዘር፣ ጥቂት ውኃ፣ ብዙ ሩዝ፦ በማዳጋስካር ደጋ

በእኛ አገር «እንጀራ» ማለት ከሞሰብ ላይ የሚነሣው ምግብ ብቻ አይደለም። ሥራ ፍለጋ ከአገሩ የወጣ ሰው «እንጀራ ፍለጋ ሄደ» ይባላል። ሥራውን ያጣ ሰው ደግሞ «እንጀራው ተቋረጠ» ይባልለታል። በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ባለችው በማዳጋስካር ይህን ቦታ የያዘው ሩዝ ነው። በማላጋሲ ቋንቋ ሩዝ «ቫሪ» ይባላል። «ምግብ በላሁ» ለማለት የሚነገረው ቃል በቀጥታ ሲተረጎም «ሩዝ በላሁ» ማለት ነው። ከሩዙ ጋር የሚቀርበው ማንኛውም ነገር፣ ሥጋም ይሁን ዓሣ፣ ባቄላም ይሁን ቅጠል፣ «ላውካ» በሚል አንድ ስም ይጠራል፤ እኛ ወጥ እንደምንለው ማለት ነው።

ጠዋት ቀጠን ብሎ የተቀቀለ ሩዝ ይበላል። ምሳም ሩዝ ነው፣ ራትም ሩዝ ነው። ሩዙ ከድስቱ ከወጣ በኋላ ከሥር የቀረው ቅራሪ አይጣልም፤ ውኃ ይጨመርበትና ይፈላል፤ ቤተሰቡም ያንን ሞቅ ያለ፣ የተቆላ እህል ሽታ ያለውን ውኃ ይጠጣል። በዚህ አገር አንድ ሰው በዓመት በአማካይ ከ100 ኪሎ በላይ ሩዝ ይመገባል።

እንግዲህ ሩዝ እንዲህ ነፍስ በሆነበት አገር ሩዝ የሚያመርተው ገበሬ ራሱ በዓመቱ ውስጥ ለተወሰኑ ወራት ሩዝ ያጣል ብንላችሁ ታምናላችሁ? ዛሬ ወደዚያ አገር ደጋ አብረን እንጓዝ። የምናየው አንድ የግብርና ዘዴ ነው። ነገር ግን ዘዴው የሚነካው ማሳውን ብቻ አይደለም፤ የባልና የሚስትን የሥራ ክፍፍል፣ የቤተሰቡን ድስት፣ የጎረቤትንም ግንኙነት ይነካል።

ከዋና ከተማው ወደ ደቡብ

ጉዞው የሚጀምረው ከዋና ከተማው ከአንታናናሪቮ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ፣ በኮረብቶች ላይ የተሠራች ናት። ከኮረብታው ጫፍ ቁልቁል ብትመለከቱ ከቤቶቹ ሥር የሩዝ ማሳ ተዘርግቶ ታያላችሁ። ይህ ሰፊ ሜዳ በጥንት ጊዜ ረግረግ ነበር። የሜሪና ነገሥታት ግድብና ቦይ እያሠሩ ወደ እርሻነት ለወጡት። እ.ኤ.አ. እስከ 1810 የኖረው ንጉሥ አንድሪያናምፖይኒሜሪና የሩዝ ማሳው ወሰን ባሕሩ እንደሆነ ተናግሯል እየተባለ እስከ ዛሬ ይወሳል። መንግሥቱን ሲያስብ እንኳ በሩዝ ማሳ ነበር የሚያስበው ማለት ነው።

ከከተማው ወጥታችሁ ብሔራዊ መንገድ ቁጥር 7 የሚባለውን አስፋልት ይዛችሁ ወደ ደቡብ ንዱ። ግራና ቀኙ ቀይ አፈር ነው። የሸክላ ጡብ ቤቶች፣ በሸለቆው ሁሉ እንደ ደረጃ የተደረደሩ የሩዝ ማሳዎች፣ ሻኛ ያላቸው በሬዎች ይታያሉ። የኢትዮጵያን ደጋ የሚያውቅ ሰው በሬዎቹን ሲያይ አገሩ ያለ ይመስለዋል። ነገር ግን እነዚህ በሬዎች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ሌላ ሥራ ነው። ከመትከል በፊት ውኃ በሞላው ማሳ ውስጥ እየተነዱ ጭቃውን በእግራቸው ይረግጣሉ፤ አፈሩ እንደ ጭቃ ምርጊት እስኪላቁጥ ድረስ። በሬ የሌለው ገበሬ «አንጋዲ» በሚባል ጠባብና ረጅም አካፋ መሬቱን በእጁ ይገለብጣል።

አምባቶላምፒን ታልፋላችሁ፤ የአሉሚኒየም ድስት የሚቀለጥባት ከተማ ናት። ከዋና ከተማው 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዛችሁ በኋላ አንጺራቤ ትደርሳላችሁ። ስሟ «ብዙ ጨው ያለበት» ማለት ሲሆን ፍል ውኃ አላት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖርዌይ ሉተራን ሚስዮናውያን ሰፍረውባት ነው ያደገችው። 1,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች በሐምሌ ሌሊት ብርዱ ያንቀጠቅጣል። በጎዳናዋ ላይ ሰው የሚጎትታቸው «ፑስፑስ» የሚባሉ ጋሪዎች ይርመሰመሳሉ። ሩዙ ከታጨደ በኋላ በዚያው ማሳ ላይ ድንችና አትክልት ይተከላል። የዛሬው ታሪካችን የተጀመረው በዚህች ከተማ አካባቢ ነው።

ጎተራው የሚጎድልባቸው ወራት

በደጋው ሩዝ የሚተከለው ዝናቡ ሲጀምር፣ ከኅዳር አንሥቶ ባሉት ወራት ነው። የሚታጨደው ከሚያዝያ አካባቢ ጀምሮ ነው። በመካከል ያሉት ወራት የችግር ወራት ናቸው። ያለፈው ዓመት ሩዝ አልቋል፤ የዘንድሮው ገና አረንጓዴ ነው። ገበያ ላይ የሩዝ ዋጋ የሚወደደውም ያን ጊዜ ነው። እኛ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎተራ ሲራገፍ የምናውቀው ዓይነት ጊዜ ነው።

ታዲያ በዚያ ወቅት ድሃው ቤተሰብ ምን ያደርጋል? ባል ወይም ሚስት፣ ወይም ሁለቱም፣ ጠዋት ተነሥተው የሌላ ሰው ማሳ ሊያርሙ ወይም ሊተክሉ በቀን ሥራ ይሄዳሉ። ማታ በያዙት ገንዘብ ሩዝ ገዝተው ይገባሉ። ልጆቹ ይበላሉ። የራሳቸው ማሳ ግን ሰው ያጣል፤ አረሙም ይበረታል። በሚቀጥለው ዓመትም ምርቱ ያንሳል፤ ጎተራውም ቀድሞ ያልቃል። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

በልማዳዊው መንገድ ከአንድ ሄክታር የሚገኘው ሩዝ በአብዛኛው 20 ኩንታል አካባቢ ነበር። ብዙው ቤተሰብ ደግሞ አንድ ሄክታር እንኳ አይሞላውም። ምርት የሚጨምር ዘርና ማዳበሪያ አለ ቢባል መግዣው ከየት ይመጣል?

ቄሱ ያዩት ነገር

እ.ኤ.አ. በ1961 አንሪ ደ ሎላኒዬ የሚባሉ ፈረንሳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ ወደ ማዳጋስካር መጡ። ቄስ ከመሆናቸው በፊት ግብርና የተማሩ ሰው ነበሩ። የመጡበት ሕዝብ ሩዝ እየዘራ እንደሚራብ ባዩ ጊዜ አንድ ጥያቄ ያዛቸው፤ ገንዘብ የሌለው ገበሬ፣ ያለውን መሬት፣ ያለውን ዘርና ያለውን ጉልበት ብቻ ይዞ ምርቱን ማሳደግ አይችልም ወይ?

መልሱን ከመጽሐፍ አልጀመሩም። ከገበሬዎቹ ዘንድ ሄደው ማየት ጀመሩ። አንዳንድ ገበሬ ሦስት አራት ችግኝ በአንድ ጉድጓድ በመትከል ፈንታ አንድ አንድ ሲተክል አዩ። አንዳንዱ ደግሞ ማሳውን ሁልጊዜ በውኃ አጥለቅልቆ አይዝም ነበር። እነዚህን ነገሮች እየሰበሰቡ ይሞክሩ ጀመር። በአንጺራቤ አካባቢም ወጣት ገበሬዎችን የሚያስተምሩበት ትንሽ ትምህርት ቤት ነበራቸው።

እ.ኤ.አ. በ1983 የዝናቡ ሁኔታና የጊዜው ማጠር አስገድዷቸው፣ እንደ ልማዱ አንድ ወር ያህል በመደብ ላይ መቆየት የሚገባውን ችግኝ ገና በ15 ቀኑ አንሥተው ተከሉት። ችግኙ ክር የሚያህል ቀጭን ነበር። ለመጀመሪያው አንድ ወር ማሳው ባዶ ይመስል ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ያ ቀጭን ችግኝ ከሥሩ ያቆጠቁጥ ጀመር። ከአንዱ ችግኝ ሃያ፣ ሠላሳ፣ ከዚያም በላይ አገዳ ወጣ። በሚቀጥሉት ዓመታት ችግኙን ከ15 ቀንም አሳንሰው፣ በ10 እና በ8 ቀኑ ጭምር እየተከሉ ሞከሩ።

እ.ኤ.አ. በ1990 ከማላጋሲ ወዳጆቻቸው ጋር «ቴፊ ሳይና» የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። ትርጉሙ «አእምሮን ማነጽ» እንደ ማለት ነው። ስሙ ስለ ሩዝ አይናገርም፤ ስለ ሰው ነው። ሩዙ የሚለወጠው የገበሬው አስተሳሰብ ሲለወጥ ነው ብለው ስላመኑ ነው። ቄሱ እ.ኤ.አ. በ1995 አረፉ። በዚያች ደሴት 34 ዓመት ኖሩ፤ ሥራቸው በዓለም ሲሰማ ግን አላዩም።

ዘዴው ምንድን ነው?

ዘዴው አዲስ ዘር አይደለም፤ አዲስ መድኃኒትም አይደለም። ያለውን ሩዝ በሌላ መንገድ መያዝ ነው። ዋና ዋናዎቹ ነገሮች እነዚህ ናቸው፦

1. ችግኙ ገና ለጋ ሳለ፣ ከ8 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ፣ ሁለት ቅጠል ብቻ ይዞ ሳለ ይተከላል።

2. ከመደቡ ሲነሣ ከነአፈሩ፣ ከነዘሩ ቅርፊት በጥንቃቄ ይነሣል። ሳይደርቅ፣ ቢቻል በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይተከላል። ወደ ታች አይጠቀጠቅም፤ ሥሩ ወደ ላይ እንዳይታጠፍ ከአንድ እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ብቻ ይጋደማል።

3. በአንድ ቦታ አንድ ችግኝ ብቻ ይተከላል። በችግኝና በችግኝ መካከል በሁሉም አቅጣጫ 25 ሳንቲ ሜትር ይተዋል። ለዚህም ገመድ ወይም መስመር የሚያሰምር የእንጨት መሣሪያ ይጠቀማሉ።

4. ማሳው ሁልጊዜ በውኃ አይጥለቀለቅም። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ አልፎ አልፎም ትንሽ እስኪሰነጠቅ ድረስ ይደርቃል፤ ከዚያ እንደገና ይጠጣል።

5. ከተተከለ ከ10 ቀን ገደማ በኋላ፣ ከዚያም በየ10 እና 12 ቀኑ፣ እየተሽከረከረ በሚያርም የእጅ መሣሪያ ይታረማል። መሣሪያው አረሙን ነቅሎ ከጭቃው ጋር ያዋህደዋል፤ አፈሩንም ያናፍሰዋል።

6. ከተቻለ በገዛ ደጃፍ የተዘጋጀ ኮምፖስት ይደረግበታል፤ ገለባ፣ ቅጠል፣ የከብት ፍግ።

እስቲ የዘሩን ነገር ብቻ አስቡ። በልማዳዊው መንገድ ለአንድ ሄክታር ከ50 ኪሎ በላይ ዘር ይፈሳል። በዚህ ዘዴ ግን ከ5 እስከ 10 ኪሎ ይበቃል። በችግር ወራት ለልጆች ሊበላ የሚችል 40 ኪሎ ሩዝ ጭቃ ውስጥ ከመግባት ተረፈ ማለት ነው።

ሥሩ ሲተነፍስ

ብዙዎቻችን ሩዝ የውኃ ተክል ነው ብለን እናምናለን። ሩዝ በውኃ ውስጥ መኖር ይችላል እንጂ ውኃ ውስጥ መኖር ግዴታው አይደለም። ማሳው ሁልጊዜ በውኃ ሲሸፈን አፈሩ አየር ያጣል፤ ሩዙ አብቦ ፍሬ መሙላት በሚጀምርበት ጊዜ ከሥሩ የሚበዛው በስብሶ ይገኛል። ገበሬው ማሳውን በውኃ የሚሸፍነው በዋነኛነት አረምን ለመከላከል ነው። ውኃው ሲቀንስ አረሙ ስለሚበዛ ነው የሚሽከረከረው ማረሚያ የግድ የሚሆነው።

ሁለተኛው ምሥጢር የችግኙ ዕድሜ ነው። ሩዝ አገዳ የሚያበዛው በሥርዓት ነው። ከመጀመሪያው አገዳ ሌላ ይወጣል፤ ከሁለቱ ደግሞ ሌሎች፤ እንዲህ እያለ ቁጥሩ በየጊዜው እየፈጠነ ይሄዳል። ይህን ሥርዓት ካታያማ የሚባሉ ጃፓናዊ ሳይንቲስት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት አጥንተውት ነበር። ችግኙ በመደብ ላይ ተጨናንቆ አንድ ወር ከቆየና ሲነቀል ሥሩ ከተበጠሰ ግን ይህ ብዜት ይቋረጣል። በለጋነቱ፣ ሳይጎዳ፣ ሰፊ ቦታ ካገኘ ሙሉ ኃይሉን ያወጣል። ቄሱ ይህን የጃፓናዊውን ጥናት ያገኙት በማሳ ላይ ውጤቱን ካዩ ከዓመታት በኋላ ነው።

ከፍል ውኃው መንደር እስከ ሩቅ አገር

ከአንጺራቤ ወደ ደቡብ መንገዳችሁን ቀጥሉ። በእንጨት ቅርጻ ቅርጽ የታወቀችው አምቦሲትራ ትገኛለች። ከዚያ የቤትሲሌዎ ሕዝብ አገር ነው፤ ተራራውን ከላይ እስከ ታች በእርከን የሩዝ ማሳ ያደረገ፣ በሩዝ ሥራ የተመሰገነ ሕዝብ። ፊያናራንጾአ ከመድረሳችሁ በፊት ወደ ምሥራቅ ስትታጠፉ መንገዱ ወደ ጫካ ይወርዳል፤ አየሩ ይከብዳል፤ ጉም ይበዛል። ራኖማፋና ደረሳችሁ። ትርጉሙ «ፍል ውኃ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ደኑ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ።

በዚህ አካባቢ ገበሬው የተራራውን ደን ቆርጦ፣ አቃጥሎ፣ በአመዱ ላይ ሩዝ የሚዘራበት «ታቪ» የሚባል ልማድ አለ። ከጥቂት ዓመት በኋላ መሬቱ ይደክማል፤ ሌላ ደን ይቆረጣል። ደኑን ለማዳን የመጡት ሰዎች «አትቁረጥ» ማለታቸው አልበቃም። ልጆቹን ምን ያብላ? ስለዚህ በሸለቆው ያለው ትንሽ ማሳ ብዙ ሩዝ የሚሰጥበት መንገድ ይፈለግ ነበር።

በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ምሁር የሆኑት ኖርማን አፕሆፍ ከቴፊ ሳይና ሰዎች ጋር የተገናኙት በዚህ ምክንያት ነው። የማኅበሩ ሰዎች ከአንድ ሄክታር 50፣ 100 ኩንታልና ከዚያም በላይ እንደሚገኝ ሲነግሯቸው አላመኑም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በራኖማፋና ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች ሲሞክሩት አንድ ወቅት፣ ሁለት ወቅት፣ ሦስት ወቅት ቆመው ተመለከቱ። 20 ኩንታል ይሰጥ የነበረው መሬት በአማካይ 80 ኩንታል ገደማ መስጠቱ በተመዘገበ ጊዜ እርሳቸውም አመኑ፤ ለዓለምም ይናገሩ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1999 በቻይና፣ ቀጥሎም በኢንዶኔዥያ ተሞከረ። ከዚያም ሕንድ፣ ቬትናም፣ ካምቦዲያ፣ ማሊ እያለ ከ50 በላይ አገሮች ደረሰ።

ሁሉም ግን አልተቀበለውም። እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2006 የታተሙ የሳይንስ ጽሑፎች እጅግ ከፍተኛ የተባሉትን ምርቶች አጥብቀው ተጠራጠሩ። ከማዳጋስካር ውጭ ባሉ አገሮች በሚገባ ከተያዘ ሌላ ማሳ ጋር ሲነጻጸር ይህን ያህል ብልጫ አላየንም ያሉም ነበሩ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። ውኃን እያፈራረቁ ማጠጣትና ማድረቅ ግን ውኃ እንደሚቆጥብ፣ በውኃ ከተሸፈነ ማሳ የሚወጣውንና አየር የሚያሞቀውን ሚቴን የተባለ ጋዝ በእጅጉ እንደሚቀንስ ብዙ ጥናቶች አረጋግጠዋል።

ታዲያ ሁሉም ገበሬ ለምን አልያዘውም?

አሁን ወደ ጀመርነው ነገር እንመለስ። ዘሩ ጥቂት፣ ውኃው ጥቂት፣ ማዳበሪያ የማይገዛበት፣ ምርቱም የሚጨምር ከሆነ በተወለደበት አገር ለምን አልተስፋፋም?

እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የሁለት የኮርኔል ተመራማሪዎች ጥናት ይህንን ጥያቄ ይዞ ወደ ማዳጋስካር መንደሮች ሄደ። ያገኘው መልስ ልብ ይነካል። ዘዴውን የሞከሩት ጥቂቶች ነበሩ፤ ከሞከሩትም ብዙዎቹ ተውት። የተዉት ስለማያፈራ አይደለም። ዘዴው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጉልበትና ጊዜ ግን ይጠይቃል። ያ ጊዜ ደግሞ የሚያስፈልገው ልክ ጎተራው ባዶ በሆነበት ወር ነው። ቀጭኑን ችግኝ በጥንቃቄ አንድ በአንድ መትከል፣ ውኃውን በየቀኑ መከታተል፣ በየ10 ቀኑ ማረም፣ ይህ ሁሉ የሚሠራው ድሃው አባወራ ለዛሬ ራት በሰው ማሳ የቀን ሥራ በሚሠራበት ሰዓት ነው።

እንግዲህ አስቡት። አንድ ባልና ሚስት በራሳቸው ማሳ ሦስት ሳምንት ቢሠሩ ከአራት ወር በኋላ እጥፍ ያጭዳሉ። ግን ለዛሬ ማታ ሩዝ የላቸውም። ልጅ «ርቦኛል» ሲል ስለ ሚያዝያ መከር ይነገረዋል? ድሃ ሰው ሰነፍ ስለሆነ ወይም አርቆ ስለማያይ አይደለም አዲስ ነገር የማይቀበለው። አርቆ ያያል፤ ግን እስከዚያ የሚያደርሰው ስንቅ የለውም።

ሌሎችም ችግሮች አሉ። ውኃው ከጎረቤት ማሳ ወደ ማሳ የሚወርድ ከሆነ አንዱ ብቻውን ማሳውን ላድርቅ ቢል አይችልም፤ ከጎረቤት ጋር መስማማት አለበት። መሬቱ የሰው ከሆነና ምርቱ ለእኩል ከሆነ «ኮምፖስቴን የምደፋው ለማን ነው?» ይላል። ከአባቶች የወረደውን የአተካከል ልማድ መተውም ቀላል አይደለም። ለአንድ ወር ባዶ የሚመስለውን ማሳ የሚያይ ጎረቤት ይስቃል።

ነገሩ የተሳካላቸው ሰዎች ምን አደረጉ? አንደኛ፣ ማሳቸውን በሙሉ አልቀየሩም፤ በአንድ ትንሽ ቁራሽ መሬት ጀመሩ። እጅ ሲለምድ ሥራው ይፈጥናል፤ በመጀመሪያው ዓመት የሚያታክተው ተከላ በሁለተኛው በሦስተኛው ዓመት ይቀላል። ሁለተኛ፣ በጉልበት ተጋገዙ። ማላጋሲዎች «ቫሊን ታናና» የሚሉት ልማድ አላቸው፤ ትርጉሙ «እጅን መመለስ» ነው። ዛሬ እኔ ማሳህ ላይ፣ ነገ አንተ ማሳዬ ላይ። የእኛው ወንፈል ነው። ሦስተኛ፣ እንደ አንጺራቤ ባሉ ቦታዎች ሩዙ ከታጨደ በኋላ ድንች ተከሉ። ድንቹ ለክፉው ወር ይደርሳል፤ ለድንቹ የተጨመረው ፍግም በኋላ ለሩዙ ይተርፈዋል።

የባልና የሚስት ማሳ

በዚህ መጽሔት ስለ ትዳር ብዙ ታነባላችሁና ይህን ነገር ሳናነሣ አናልፍም። በማዳጋስካር ደጋ መሬት መገልበጥና በሬ መንዳት የወንድ ሥራ ነው። ችግኝ መትከልና በእጅ ማረም በአብዛኛው የሴት ነው። ጎንበስ ብላ፣ እስከ ቅልጥሟ ውኃ ውስጥ ቆማ፣ ከጠዋት እስከ ማታ። ማታም ቤት ስትገባ የሚጠብቃት ድስት አለ።

አዲሱ ዘዴ ይህንን ክፍፍል ይነካዋል። በአንድ በኩል፣ አተካከሉ ጥንቃቄ ስለሚፈልግ በሴቲቱ ላይ ሸክም ሊጨምር ይችላል፤ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት። በሌላ በኩል ደግሞ የሚነሣው ችግኝ ጥቂትና ቀላል ነው። ማረሙም በእጅ መሆኑ ቀርቶ ቆመው በሚገፉት መሣሪያ ሲሆን፣ በሕንድ በብዙ ቦታዎች እንደታየው ወንዶች ሥራውን ይወስዱታል። የሴቲቱ ወገብ ትንሽ ያርፋል።

ስለዚህ አንድ ባል ሥልጠና ወስዶ መጥቶ «ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ እንተክላለን» ቢል ግማሹን ብቻ ነው ያሰበው። የሚተክለው ማን ነው? ሚስቱ ጠዋት ልጅ አዝላ፣ ማታ ድስት ጥዳ፣ ተጨማሪውን ሰዓት ከየት ታምጣ? ውሳኔው የሁለት ሰው መሆን የሚገባው ሥራው የሁለት ሰው ስለሆነ ነው። ግብርና የሚያስተምሩ ሰዎችም ባልን ብቻ ሰብስበው ከማስተማር ይልቅ ባልና ሚስትን አንድ ላይ ቢያስተምሩ ብዙ ድካም ይቀራል።

ወደ ፎገራ ስንመለስ

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ ወረታ ላይ ቆም በሉ። ግራችሁ እስከ ጣና ሐይቅ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ነው። ጉማራና ርብ ወንዞች በክረምት የሚያጥለቀልቁት ይህ ሜዳ በከብቱ የታወቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሰሜን ኮሪያውያን ባለሙያዎች ባሉበት ሩዝ ተሞከረ። ዛሬ ከኢትዮጵያ ሩዝ ብዙው የሚመረተው በዚሁ አካባቢ ነው። ወረታ ላይም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ። የፎገራ እናቶች ሩዙን ከጤፍ ጋር ቀላቅለው እንጀራ ይጋግራሉ። «ቫሪ» እና እንጀራ በአንድ ምጣድ ላይ ተገናኙ ማለት ነው። በፎገራ አብዛኛው ሩዝ ግን በችግኝ አይተከልም፤ በዝናብ፣ በብተና ነው የሚዘራው።

ጤፋችንም ቢሆን ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለም። ኢትዮጵያዊው የጤፍ ተመራማሪ ዶክተር ታረቀ በርሄ የሩዙን ሐሳብ ወደ ጤፍ አምጥተው ጤፍን በችግኝና በመስመር የመትከል ሙከራ አድርገዋል። በብተና ለሄክታር ከ25 ኪሎ በላይ የሚፈሰው የጤፍ ዘር በመስመር ሲሆን 5 ኪሎ እንኳ ይበቃል። ከዚያ በኋላ በመስመር መዝራት በመንግሥት በኩል በሰፊው ተነገረ። ገበሬውም ሞከረው። ያነሣው ጥያቄ ግን ልክ እንደ ማላጋሲው ወንድሙ ነበር፤ «ጥሩ ነው፤ ጉልበቱን ግን ከየት ላምጣ?» ያችን ደቃቅ ዘር በመስመር ለማፍሰስ መላው ቤተሰብ፣ ልጆች ጭምር፣ ማሳ ላይ መዋል አለበትና።

ከማዳጋስካር የምንወስደው ትምህርት እንግዲህ «ሁላችሁም እንዲህ ትከሉ» የሚል አይደለም። አዲስ ዘዴ ይዘን ወደ ገጠር ዘመዶቻችን ስንሄድ፣ ስለ ምርቱ ከመናገራችን በፊት ስለ ክፉው ወር እንጠይቃቸው። ዘር ቢቆጥብላቸውም ጊዜያቸውን የሚወስድ ከሆነ፣ ያንን ጊዜ የሚተካ ነገር አብረን እንውሰድ፤ በማኅበር የሚገዛ ማረሚያ፣ ለችግር ወር የሚደርስ ጥቂት እህል፣ የሚያግዝ እጅ። በገጠር ያሉ አጥቢያዎችም በዚህ ብዙ ሊሠሩ ይችላሉ። ምክንያቱም ወንፈል ለመጥራት መጀመሪያ የሚተማመኑ ሰዎች ያስፈልጋሉ።

በቤታችሁ ተወያዩበት

ባለትዳሮች ሆይ፣ ገበሬ ባትሆኑም እነዚህን ጥያቄዎች ራት ከበላችሁ በኋላ ተነጋገሩባቸው፦

1. በእኛ ቤት «ክፉው ወር» የትኛው ነው? ለዚያ ወር ከአሁኑ ምን ማስቀመጥ እንችላለን?

2. በቅርቡ አንዳችን ብቻ የወሰንነው፣ ሥራው ግን በሌላው ላይ የወደቀ ነገር አለ?

3. በሙሉ ከመጀመር ይልቅ በትንሽ ቁራሽ ልንሞክረው የሚገባ ነገር ምንድን ነው?

4. ገጠር ላሉ ወላጆቻችን ወይም ወንድሞቻችን ምክር ብቻ ነው የላክነው፣ ወይስ የሚያግዝ እጅም?

የአንጺራቤ ገበሬ ያን ቀጭን ችግኝ ተክሎ አንድ ወር ሙሉ ባዶ የሚመስል ማሳ ይጠብቃል። እስከ መከሩ የሚያቆየው ድስት ካለው ይጠብቃል። ያን ድስት እንዳይጎድል ማድረግ የጎረቤትም፣ የዘመድም፣ የእኛም ድርሻ ነው።